ባሌ ላይ ሰርግ ለምትደግሱ፦ ከሩቅ የመጣውን እድምተኛ ሰኔቲ አድርሶ ለመልስ በሰዓቱ የመመለሻ መመሪያ

ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ሰርግ ሲኖር አንድ ነገር ይደጋገማል። ከአዲስ አበባ አርባ ሰው ይመጣል። ከዋሽንግተን፣ ከጂዳ፣ ከቴል አቪቭ ደግሞ አሥር ይጨመርበታል። ሁሉም “እዚህ ድረስ መጥቼማ ቀይ ቀበሮ ሳላይ አልመለስም” ይላል። ከዚያ ግማሹ ሁለት ቀን ሙሉ የሆቴል በረንዳ ላይ ቢራ ሲጠጣ ይውላል። የቀረው በሰርጉ ማግስት፣ እንቅልፍ ሳያገኝ፣ በሰርግ ጫማ፣ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቆ 4,000 ሜትር ላይ ወዳለው የሰኔቲ አምባ ይወጣል።

እኔም ወጥቻለሁ። አሥራ አራት ሆነን ነበር። ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ሞቆ ቆመ። ሁለት ሰው አስታወከ። ቀበሮ ያየው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ ያየውም መኪናውን ሲጠብቅ ቁጭ ብሎ ነው። ለመልስ የደረስነው ምሳው ተነስቶ ቡና ሲፈላ ነበር። የሙሽሪት አክስቶች እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ይህ መመሪያ “እንግዶቹን አንተ ያዝልን” ወይም “አንቺ ታውቂበታለሽ” ተብሎ ለተጣለበት ሰው ነው። ሚዜ ሁኑ፣ የሙሽራው ወንድም ሁኑ፣ የሙሽሪት ጓደኛ ሁኑ፣ ቅደም ተከተሉን አትለውጡት። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ቀኑ ተገልብጦ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁረጡ

ይህን ከሰርጉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጨርሱ። “ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

መጀመሪያ መልሱ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው እንበል። መልሱ በማግስቱ እሁድ ከሆነ ተራራው ሰኞ ይሆናል። ቤተሰቡ አንድ ቀን ማሳለፍ ከፈቀደ ደግሞ እሁድ እረፍት፣ ሰኞ ተራራ፣ ማክሰኞ መልስ ይሁን። በሁለቱም መንገድ የሰኔቲ ቀን ሰኞ ነው። ይህን ቀን ያዙና ሌላውን በዙሪያው ደርድሩ።

መልሱን ወደ ረቡዕ አትግፉት። ከጥምቀት በኋላ ባለው የሰርግ ወቅትም ቢሆን ረቡዕና አርብ ጾም ነው። ሥጋ የማይበላበት መልስ ደግሞ ማንም አይቀበላችሁም።

እንግዳው የሚደርስበት ቀን ሐሙስ ይሁን። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣው ሮቤ ያርፋል። በረራው ከቀናችሁ ጋር መግጠሙን ቲኬት ሳትቆርጡ በፊት እዩ። ሰርጉን ቆርጦ፣ ጥሪውን በትኖ፣ በኋላ በረራ የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ።

ሰርጉ እሁድ ከሆነስ? ሁሉንም አንድ ቀን ወደ ፊት ግፉት። ሰኔቲ ማክሰኞ ይሆናል። መልሱን ግን ሰኞ አድርጉት ወይም ሐሙስ። መሃል ላይ ያለው ረቡዕ የማይነካ ቀን ነው።

ደረጃ 2፦ እንግዶቹን በሦስት ክፈሉ

ዝርዝር ያዙ። በዘመድነት ሳይሆን በጉልበትና በጤና ነው የምትከፍሉት።

ቁጥሮቹን መጀመሪያ አስቡ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ጎባ 2,700 ይጠጋል። የብሔራዊ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ታልፋለች። የሰኔቲ አምባ 4,000 አካባቢ ነው። የባሌ ትልቁ ተራራ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሳንባው ግማሹን መንገድ ለምዶታል። ከጂዳ ወይም ከዱባይ የመጣው ግን ከባሕር ዳርቻ ነው የተነሳው።

*አንደኛው ቡድን፦* ጤነኛ የሆነ፣ ጎባ ወይም ሮቤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያደረ። ይህ ሰኔቲ ይወጣል። ከውጭ የመጣው አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ከቆየ እሱም ተቆጥሮለት ይሻለዋል።

*ሁለተኛው ቡድን፦* ቅዳሜ ጠዋት ለሰርጉ ብቻ ደርሶ እሁድ የሚመለስ። ይህን ሰው ተራራ አታውጡት። ቢለምናችሁም አታውጡት። ጊዜ ካለው ዲንሾ ይበቃዋል።

*ሦስተኛው ቡድን፦* የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ የያዘች እናት፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንት። ለእነዚህ ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ደረጃ 9 ላይ እንደርስበታለን። ሐኪሜን ልጠይቅ የሚል ካለ ከመምጣቱ በፊት ይጠይቅ። ጎባ ደርሶ አይደለም።

ጋሼን “እርስዎ አይችሉም” ብላችሁ አታስቀይሟቸው። “ለእርስዎ የተለየ ፕሮግራም አለ” በሏቸው። ውሸትም አይደለም።

ደረጃ 3፦ መኪና፣ ክፍያ፣ ጥሬ ብር

መኪናው

ከጎባ ወደ ሰኔቲ የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ነው። ዳገቱም ረጅም ነው። የሚሻለው ፎር ዊል ድራይቭ ላንድክሩዘር ነው። አንዱ ላይ ከሾፌሩና ከአስጎብኚው ሌላ አምስት ሰው ጫኑ፤ ስድስተኛው ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ሚኒባስ ወይም ኮስተር ከያዛችሁ ጭነቱን በግማሽ ቀንሱ፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ በዚያ ለመውጣት ግን አትሞክሩ።

ሾፌሩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ሰኔቲን ወጥተህ ታውቃለህ? ስኮርታ ጎማህ ነፋስ አለው? ክሪኩ የት ነው? ሦስተኛውን ሲጠየቅ መፈለግ ከጀመረ ሌላ ሾፌር ፈልጉ።

የሰርግ መኪና ለዚህ አታውሉ። ሪባን የታሰረበት፣ ከአዲስ አበባ የተከራየ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ኮረኮንቹ ላይ ሆዱን ይላጣል። ተጠያቂው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የመግቢያው ክፍያ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ነው። መግቢያ የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚገኘውም እዚያ ነው። የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ታሪፍ ይለያያል። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ። ደረሰኙን አትጣሉት። ሰኞ ሰኔቲ ላይ ጠባቂ ቢጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።

አርብ ዲንሾ ስትሄዱ የሰኞውንም አስጎብኚ እዚያው ተዋዋሉ። ከዲንሾ ጎባ በሮቤ በኩል ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰኞ ማለዳ ክፍያ ፍለጋ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ጠዋቱ አለቀ ማለት ነው።

ብር

ከሮቤ ወይም ከጎባ ባንክ ጥሬ ብር አውጡ። ለፈረስ፣ ለአስጎብኚ፣ ለቡና የሚሆን ዝርዝር ብር ያስፈልጋል። ኔትወርክ በየቦታው ስለሚቆራረጥ በቴሌብር እከፍላለሁ ብላችሁ አትመኑ።

ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከጎባ ሰው ጠይቁ። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ የተሰማ ወሬ አይበቃም።

ደረጃ 4፦ ይህን መልእክት ለሁሉም ላኩ

እንግዳው ሻንጣ ሲያዘጋጅ የሚያስበው ስለ ሱፍና ስለ ቀሚስ ነው። ተራራ ላይ የሚለብሰውን አይዝም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይህን ጻፉ፦

“ጥር ላይ ሰኔቲ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ወፍራም ጃኬት፣ ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ያዙ። ጫማ የተለማመዳችሁት ስኒከር ወይም የእግር ጉዞ ጫማ ይሁን፤ አዲስ ጫማ አይሆንም። የፀሐይ መነጽር፣ የፀሐይ ክሬም፣ ለከንፈር ቫዝሊን። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን።”

ጃኬት ረስቶ የሚመጣ አይጠፋም። ለእሱ ጋቢ ያዙ። ሁለት ቡሉኮ መኪናው ውስጥ ከጣላችሁ ደግሞ ማንም አይሞትባችሁም።

ስለ ሰዓትም ጻፉ። አበሻ ያገባ ፈረንጅ እንግዳ ካለ “12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን” ስትሉት እኩለ ቀንን ነው የሚያስበው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉለት። እኔ የማውቀው አንድ እንግዳ ጫማውን አስሮ የወጣው መኪናው ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

ስንቅ

የባሌ ሰው ለመንገድ ጭኮ ያውቃል። የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ተለውሶ የሚሠራ ነው። አይበላሽም፣ ትንሹ ያጠግባል፣ ለብርድ ደግሞ እንደሱ ያለ የለም። ከሰርጉ ቤት ሴቶች አንዷን ለምኑ፤ ከድግሱ ጎን ያዘጋጁላችኋል። ለጾመኛው ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ ያዙ። የአርቡ የዲንሾ ስንቅ ሙሉ በሙሉ የጾም ይሁን። ሙስሊም እንግዶች ካሉ ሥጋ ነክ ነገር ባትይዙ ይሻላል፤ ሁሉም ከአንድ ዕቃ ይበላል።

ውሃ በሰው ሁለት ሊትር። ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ሶፍት፣ ፌስታል። ፌስታሉ ለቆሻሻም ነው፣ ላስታወከውም ነው።

ደረጃ 5፦ አርብ ዲንሾ

ዲንሾ ማሟሟቂያ ነው። ሰውነትን ለከፍታ ያለማምዳል። ለሰኞ ማን እንደሚሆንና እንደማይሆን የምታዩትም እዚህ ነው።

1. ከሮቤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው።
2. መጀመሪያ ጋይሳይ ሜዳ አጠገብ ቁሙ። ደጋ አጋዘን በማለዳ ሣር ላይ ይወጣል። ከርከሮም ታያላችሁ። ከመኪና ሳትወርዱ እዩ።
3. ከዚያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግቡ። ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ፣ የሰኞውን ጨርሱ።
4. ጽድና ኮሶ በበዛበት ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሂዱ። አጋዘኑ እዚህ ሰው ለምዷል። የምኒልክ ድኩላም ይገኛል።
5. መራመድ ለማይፈልግ ፈረስ አለ። ዋጋውን በአስጎብኚው በኩል፣ ሳትወጡ በፊት ተስማሙ።
6. 6 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ የሰርግ ቤት ሥራ አለ።

እየተራመዱ ሰዉን ተመልከቱ። ቀስ ብሎ እየሄደ እንኳን ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሴን አመመኝ የሚል ካለ ስሙን ያዙ። እሱ ሰኞ አይወጣም። አሁን አትንገሩት፤ እሁድ ማታ ንገሩት። ቀድሞ ከሰማ ሦስት ቀን ሙሉ ሲከራከራችሁ ይከርማል።

አጋዘን ካጣችሁ አትደንግጡ። አስጎብኚውን “ጥላ ያለበት ጫፍ እንዙር” በሉት። ፀሐይ ሲከር ከሜዳው ወደ ዛፉ ሥር ነው የሚገቡት።

ደረጃ 6፦ የሰርጉ ቀን

የትም አትሂዱ። “እስከ ምሳ እኮ ብዙ ሰዓት አለ” የሚል ሰው ይኖራል። የለም።

ደረጃ 7፦ ሰኞ ሰኔቲ

የዋዜማው ማታ

እሁድ ማታ አልኮል የለም። መልሱ እሁድ ከሆነ ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፣ አውቃለሁ። ጠጅ እየተቀዳ “እኔ ነገ ተራራ አለብኝ” ማለት ያሳፍራል። ግን መጠጥ ሰውነትን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይሰብራል፣ በማግስቱ የሚመጣው ራስ ምታት የስካር ይሁን የከፍታ መለየት አይቻልም። መለየት ካልቻላችሁ ደግሞ ምን እንደምታደርጉ አታውቁም። የጠጣ ሰው ቀርቶ ይተኛ። ጨክኑ።

አወጣጡ

1. ከጎባ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ቀለል ያለ ቁርስ፣ ሻይ፣ ውሃ። ክትፎ የሚያዝ ሰው ካለ አስቁሙት።
2. መኪኖቹ አብረው ይሂዱ። ወደ ኋላ የሚቀር ካለ ፊተኛው ይጠብቅ።
3. ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡ። በመንገዱ ዳር መጀመሪያ ጫካ፣ ከዚያ አስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ይመጣል። አስታው ሲያልቅና ጅብራ ብቻውን ቆሞ ስታዩ አምባው ላይ ናችሁ።
4. የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ። አሥር ደቂቃ። ሁሉም ወርዶ ይቁም፣ ውሃ ይጠጣ። አትሩጡ፣ አትዝለሉ፣ ለቲክቶክ ብላችሁ እስክስታ አትምቱ። እዚህ ሦስት ደቂቃ እስክስታ የመታ ሰው ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

ቀበሮውን ማግኘት

አስጎብኚው ፊተኛው መኪና ውስጥ ይቀመጥ። መስኮት ይከፈት፣ ሙዚቃ ይጥፋ። ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ቀበሮውን ሳይሆን ፍልፈሉን ፈልጉ። መሬቱ የተቦረቦረበት፣ አፈር የተቆለለበት ቦታ ካያችሁ ምግቡ እዚያ ነው። ቀበሮው ብቻውን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ድመት እያደባ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። ቀይ ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለበት፣ ቅልጥሙ ረጅም ነው። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል።

ሲገኝ ሞተር አጥፉ። ከመኪና አትውረዱ። አታፏጩ። ምግብ አትወርውሩ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። ዝም ካላችሁ ራሱ ይጠጋል።

እንደ ሰርግ አጀብ ክላክስ እያደረጋችሁ እንዳትሄዱ። ፍጥነትም አትጨምሩ፤ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ያውቃል። ውሻ ያለው እንግዳ ውሻውን ጎባ ይተው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል።

ቱሉ ዲምቱ

ጫፉ ድረስ የመኪና መንገድ አለ። ላይ የቴሌ ማማ ታገኛላችሁ። ሁሉም ሰው ደህና ከሆነ ብቻ ውጡ። ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቆዩ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ የመኪናውን በር በሁለት እጅ ያዙት። ሁለት መኪና ካላችሁና አንዱ ሰው ራሱን ካመመው አንደኛው መኪና ከሥር ይቅር። አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ጫፉ ይቅር።

የሆነ ነገር ሲበላሽ

*ራስ ምታት ብቻ ከሆነ፦* አስቀምጡት፣ ውሃ ይጠጣ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ፣ ከዚህ በላይ አይውጣ። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ውረዱ።

*ካስታወከ፣ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ወይም አረፋ ያለው ሳል ካሳለ፦* ምንም አትጠብቁ። አሁኑኑ ወደ ጎባ ውረዱ። ቀበሮ፣ ፎቶ፣ የተከፈለ ብር አይታሰብም። የሚያድነው መውረድ ነው። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በቀጥታ እዚያ። ብቻውን አትላኩት፣ “ትንሽ ልተኛ” ቢል አትተዉት። ደቡብ በኩል ያለው የሐሬና ደን ዝቅ ይላል ብላችሁ ወደዚያ አትውሰዱት፤ ሕክምናው ጎባ ነው።

*ጉም ከሸፈናችሁ፦* የፊት መብራት አብሩ፣ መንገዱ ላይ ቆዩ፣ ከመኪና ርቆ የሚሄድ ሰው አይኑር። ሽንት ቤት የሚሄድም ሰው ሁለት ሆኖ ይሂድ። ብዙ ጊዜ ይገፋል።

*መኪናው ከሞቀ፦* አቁሙ፣ ቦኔቱን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን አትንኩ። ሲበርድ ነው ውሃ የሚጨመረው። ሰዉን ፀሐይ ያለበት፣ ነፋስ የማይመታው ጎን አስቀምጡና ቡሉኮውን አውጡ።

*ቀበሮ ካጣችሁ፦* 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ፈልጉ። ካልሆነ ከሰዓት በኋላ ከሐሬና ስትመለሱ ሌላ ዕድል አለ።

ደረጃ 8፦ ሐሬና ድረስ መሄድ አለባችሁ?

መልሱ ማክሰኞ ከሆነ አዎ፤ እሁድ አርፋችኋል። አምባውን ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ደን ይገባል። ከብርድ ወጥቶ ዛፉ ሽበት የመሰለ ነገር የለበሰበት ጫካ ውስጥ መግባት ራሱ ጉድ ነው። ሪራ የምትባለው መንደር ከጎባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። እዚያ ቡና ጠጡ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው ደን ውስጥ ቡና ራሱ ዱር ሆኖ ይበቅላል። ማርም ጠይቁ።

ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። “አካም ጅርቱ” ብሎ መጀመር፣ “ገለቶማ” ብሎ መጨረስ ብዙ በር ይከፍታል።

አንድ ነገር አትርሱ። ከሐሬና ወደ ጎባ ሌላ አቋራጭ የለም፤ 4,000ውን ሜትር መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ ከሪራ ተነሱ። ሰኔቲን በጨለማ አትሻገሩ።

ያመመው ሰው ካለ ወይም መኪናው አጉል ድምፅ ካሰማ ሐሬናን ሰርዙት። እኔ ብጠየቅ ለአንድ ቀን ሰኔቲ ብቻውን ይበቃል እላለሁ፤ ግን አንዴ የወጣ ሰው ደኑን ሳያይ መመለስ አይፈልግም።

ደረጃ 9፦ ላልወጡት ሶፍ ዑመር

ሦስተኛውን ቡድን ሆቴል ጥላችሁ አትሂዱ። ለእነሱ ሌላ መኪናና ሌላ ኃላፊ መድቡ። ሶፍ ዑመር ዋሻ ከሮቤ በምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆላ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ከፍታ አያስቸግርም። ወይብ ወንዝ ከአለቱ ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እናንተ ግን አፉንና የመጀመሪያዎቹን አዳራሾች ብታዩ ይበቃችኋል።

- የአካባቢ አስጎብኚና ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ ሳትይዙ አትግቡ። የስልክ መብራት አይቆጠርም።
- ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር አለ። ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ እነሱ መግቢያው ላይ ይቀመጡ። ምንጣፍና የቡና ቴርሞስ ያዙላቸው።
- ተራራው ላይ ዝናብ ከነበረ አትግቡ። እናንተ ያላችሁበት ደረቅ ቢሆንም ወንዙ ከላይ ይሞላል።
- ቦታው በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚዘይሩት ነው። አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ።

መንገዱ ለደከመ ሰው ረጅም ነው። 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ የማይችል ካለ የሮቤ ገበያ አለ፤ የጎጃም ማር የለመደ ሰው የባሌን ማር ቀምሶ ይከራከር።

ደረጃ 10፦ የሙሽሮቹ ፎቶ

ሙሽራና ሙሽሪት ሰኔቲ ላይ መነሳት ከፈለጉ ከመልሱ በኋላ ይሁን። በሰርጉ ዋዜማ ያወጣችሁት ሙሽራ በማግስቱ ፊቱ ተልጦ ዳሱ ውስጥ ይገባል። ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም።

ቬሎ ለሰኔቲ ነፋስ አልተሠራም። መጋረጃው አንዴ ከተነጠቀ ጅብራ ላይ ነው የምታገኙት። የሐበሻ ቀሚስ ከወፍራም ነጠላ ወይም ጋቢ ጋር ያምራል፣ ያሞቃልም። ከሥር ሹራብ ይለበስ፤ ፎቶው ላይ አይታይም።

ፎቶ አንሺውን ድሮን ይዞ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁት። ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም። ፈቃዱ ደግሞ ፓርኩ በር ላይ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ወረቀቱን አዲስ አበባ እያለ ይጨርስ፣ ካልሆነ ድሮኑን ቤቱ ይተወው። ለሙያ ካሜራና ለቪዲዮ ክፍያ መኖር አለመኖሩንም አርብ ዲንሾ ስትሆኑ ጠይቁ።

ደረጃ 11፦ ለመልስ መድረስ

ሰኞ ከመሸ በፊት ጎባ ግቡ። ሰዉን በዝርዝሩ ቁጠሩት፣ እያንዳንዱን ስሙን እየጠራችሁ። ማን ራሱን እንዳመመው፣ ማን እንዳልበላ ጠይቁ። ማታ ሾርባና ብዙ ውሃ ይውሰድ።

የመልሱን ልብስ ከተራራ ስትመለሱ አስተኩሳለሁ ብላችሁ አትተዉት። ሆቴሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ካውያ ናት፣ የሚፈልጋት ደግሞ ሃያ ሰው ነው፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። እሁድ ተኩሳችሁ ስቀሉት።